የሚጨነቁ ትንንሽ ልጆችን ስሜት መመዘን፦ ከ3 እስከ 7 ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በካዛንችስ ዙሪያ ባሉ መዋዕለ ሕፃናት የሚሠሩ መምህራንና አማካሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ችግር አለ። ልጁ ጠዋት በር ላይ ያለቅሳል፣ «ሆዴን» ይላል፣ ክፍል ከገባ በኋላም ቃል አይወጣውም፤ ቁጭ አድርገው «የምትፈራው ነገር አለ?» ብለው ሲጠይቁት ግን «የለም» ይላል። መዛኙ «ልጁ ምንም እንደማይፈራ ተናግሯል» ብሎ ይጽፍና ወረቀቱን ይዘጋል፤ ልጁም በማግስቱ በር ላይ ያለቅሳል።

የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ስሜቱን መጀመሪያ በአካሉ፣ ቀጥሎ በሚሸሸው ነገር፣ ከዚያም በጨዋታው ያሳያል፤ በቃል የሚናገረው ከሁሉም በኋላ ነው። ስለዚህ እዚህ የተቀመጠው አሠራር ልጁን መጠየቅን ወደ መጨረሻ ይወስደዋል። የተጻፈው ለመምህራን፣ ለትምህርት ቤት አማካሪዎች፣ ለጤና ባለሙያዎችና ሥራውን ለሚጀምሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች ወላጆችም ሊሠሩባቸው ይችላሉ። ምዘናው የበሽታ ስም አይሰጥም፤ ልጁ ምን እንደሚሰማው፣ ምን ያህል እንደሚከብደውና ወደ ሐኪም መላክ ይኖርበት እንደሆነ ለመወሰን ግን ያበቃችኋል። በአጠቃላይ ሁለት ሳምንት ያህል መድቡለት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ የጽሑፍ ፈቃድ ተቀበሉ። ከዚያም የልጁን እሺታ ጠይቁ። «አሻንጉሊት ያለበት ክፍል አለኝ፤ ትንሽ አብረን እንጫወታለን፤ መመለስ ስትፈልግ ይህን ቀይ ካርድ ትሰጠኛለህ» በሉት፤ ካርዱን ሲሰጣችሁም ሳትከራከሩ መልሱት። ካርዱ የሚሠራ መሆኑን አንድ ጊዜ ያረጋገጠ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጣል።

ሰዓቱን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል፣ መክሰስ ከበላ በኋላ አድርጉት። የመስከረምን የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ከበዓል ማግስት ያሉትን ቀናትና ልጁ ክትባት የወሰደበትን ሳምንት እለፉ። ክፍሉ ጸጥ ያለ፣ በሩ ግን ገርበብ ያለና ከውጭ የሚታይ ይሁን፤ ከልጅ ጋር በተዘጋ በር ውስጥ ለብቻችሁ አትሁኑ። ነጭ ጋዋን አትልበሱ። በየቤቱ «ዝም ካላልክ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» የሚባል ልጅ ብዙ ነው፤ ጋዋን ለብሳችሁ የምትመዘግቡት ፍርሃት የጋዋኑ ይሆናል።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ ወረቀትና ከለር፣ አራት በእጅ የተሳሉ የፊት ካርዶች፣ አንድ የቡና ስኒ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ፣ አንድ ጆግ፣ ሁለት ትልልቅና ሁለት ትንንሽ የሰው አሻንጉሊቶች፣ አንድ የመጫወቻ ሚኒባስ፣ ሰዓት እና ማስታወሻ ደብተር። ስኒውና ብርጭቆው የማይሰበሩ የፕላስቲክ ቢሆኑ ይመረጣል።

ደረጃ 1፦ የአካልና የቋንቋ ምክንያቶችን አጣሩ

ይህን ደረጃ መዝለል ቀላል ነው፤ ከዘለላችሁት ግን ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ሊሳሳት ይችላል። የልጁ ጆሮና ዓይን ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቁ፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ ዓይን አፋር ይመስላል። ጃርዲያና የሆድ ትላትል በከተማችን የተለመዱ በመሆናቸው «ሆዴን» የሚል ልጅ የሰገራ ምርመራ ያድርግ። የአስም መድኃኒት፣ በተለይም ሳልቡታሞል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብንም በፍጥነት ያስመታል። ቡና ወይም ወፍራም ሻይ የሚጠጣ ልጅ እንቅልፉ ይረበሻል። ሕመሙ በትምህርት ቀን ጠዋት ብቻ መጥቶ ቅዳሜ የሚጠፋ ከሆነ ወደ ጭንቀት ያመለክታል፤ ቢሆንም ምርመራውን አያስቀርም። ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ በሰገራ ውስጥ ደም፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ ምዘናውን አቁማችሁ አስቀድማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት።

ቋንቋንም እዚሁ አጣሩ። ቤቱ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ጉራግኛ የሚናገር፣ ትምህርት ቤት ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ጊዜ የገጠመው የ4 ዓመት ልጅ ለጥቂት ወራት ዝም ቢል እየለመደ ሊሆን ይችላል። ምዘናውን ልጁ በሚያልምበት፣ በሚጣላበትና በሚቆጥርበት ቋንቋ አድርጉ። እናንተ የማትችሉት ከሆነ የሚችል ባልደረባ ይቀመጥ፤ ወንድም ወይም እኅት አስተርጓሚ አይሁን።

ደረጃ 2፦ አዋቂዎቹን ለየብቻ አነጋግሩ

ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልጋችኋል፦ ወላጅ፣ መምህር፣ እና ከልጁ ጋር ረጅሙን ሰዓት የሚውለው ሰው። ሦስተኛዋ ብዙ ጊዜ አያት ወይም የቤት ሠራተኛ ናት፤ ብዙ ጊዜም ሳትጠየቅ የምትቀረው እርሷ ናት። እናትየው «ምሳውን ይበላል» ስትል ልጁ ምሳውን ስንት ሰዓት ላይ፣ ማን ሲያጎርሰው፣ ከማን አጠገብ ተቀምጦ እንደሚበላ የምታውቀው ሠራተኛዋ ነች። በአሠሪዋ ፊት ሳይሆን ለብቻዋ፣ በአክብሮት አነጋግሯት።

«ልጁ ፈሪ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ፈሪነት በእኛ ዘንድ ስድብ ነው፤ ወላጅ ልጁን ይከላከላል እንጂ አይመልስም። በምትኩ የመጨረሻውን ጊዜ እንዲተርኩ አድርጉ፦ «መጨረሻ ያስቸገረው መቼ ነበር? ከእንቅልፉ ከተነሣበት ጀምረው ይንገሩኝ።» ከትረካው ውስጥ አራት ነገሮችን ልቀሙ፦ ከመጀመሩ በፊት ምን ነበረ፣ ልጁ በአካሉ ምን አደረገ፣ አዋቂው ምን አደረገ፣ ለመመለስ ስንት ጊዜ ወሰደ።

ቀጥላችሁ ቤተሰቡ ልጁ እንዳይጨነቅ ብሎ የቀየረውን ልማድ ጠይቁ። አብሮት የሚተኛ አለ? ሱቅ ሲላክ ማን ይከተለዋል? እንግዳ ስሙን ሲጠይቀው ማን ይመልስለታል? መጸዳጃ ቤት ማን በር ላይ ይቆማል? ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ከልጁ ለቅሶ ይበልጥ ይናገራል፤ ምክንያቱም ቤተሰቡ ሁሉን መንገድ ከጠረገለት ልጅ ላይ ፍርሃቱ አይታይም።

በመጨረሻም የቅርብ ጊዜ ለውጦችን ጠይቁ፦ ሞት፣ የወላጆች መለያየት፣ አዲስ ሕፃን መወለድ፣ ወደ ዓረብ አገር የሄደች እናት፣ የግጭት አካባቢ ትዝታ፣ የቤት መቀየር። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳር የተዛወሩ ቤተሰቦች አሉ። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዱ ጎረቤቱን፣ ሱቁንና አብሮ አደጉን በአንድ ሳምንት አጥቷል፤ ወላጁ ግን ቤት መቀየሩን እንጂ ልጁ ያጣውን አይቆጥረውም። ጠይቁ እንጂ ምክንያቱ ይህ ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

መጠይቅ መጠቀም ከፈለጋችሁ እዚህ ላይ ለአዋቂዎቹ ስጡ። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመውና ኤስ.ዲ.ኪው (የጥንካሬዎችና የችግሮች መጠይቅ) በሚል አጭር ስም የሚታወቀው 25 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ወላጅም መምህርም ይሞሉታል፤ ከጥያቄዎቹ 5ቱ ስለ ስሜት ናቸው። ራሳችሁ አትተርጉሙት፤ ፈቃድ ያለው ትርጉም ብቻ ተጠቀሙ። ውጤቱም የት እንደምትመለከቱ ይጠቁማችኋል እንጂ ምርመራ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ሦስት ጠዋት በር ላይ ተመልከቱ

መለያየትን ለሙከራ ብላችሁ አትፍጠሩ። እናትን ከክፍል አስወጥቶ ልጁ ምን እንደሚሆን ማየት ጭካኔ ነው፤ በየቀኑ ጠዋት በተፈጥሮ የሚሆነውን መመልከት ይበቃል። ሰኞን፣ የሳምንቱን መካከል አንድ ቀንና ዓርብን ምረጡ። ሰኞ ከሁለት ቀን የቤት ቆይታ በኋላ ስለሆነ ይከብዳል፤ ሰኞን ብቻ ያየ ችግሩን ያጋንነዋል፣ ዓርብን ብቻ ያየ ያሳንሰዋል።

የምታዩትን በደቂቃ ጻፉ፤ «ተጨነቀ» ወይም «አስቸገረ» የሚል የፍርድ ቃል አትጻፉ። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ይበቃል፦

ሰኞ፣ 2:05፦ እናቱ እጁን ለቀቀች፤ ቀሚሷን በሁለት እጁ ያዘ።
2:07፦ አለቀሰ፤ «ሆዴን» አለ።
2:09፦ እናቱ ተመልሳ አቀፈችው።
2:16፦ ሄደች።
2:31፦ ማልቀሱን አቆመ፤ በሩን እያየ ቆመ።
2:50፦ መኪና አነሣ፤ አልነዳውም።
3:12፦ ከሌላ ልጅ ጋር መኪናውን መንዳት ጀመረ።

አብዛኛው መምህር 2:31 ላይ «ተረጋጋ» ብሎ ይጽፋል። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ 41 ደቂቃ ሙሉ ገና ወደ ጨዋታ አልመጣም ነበር። መለካት ያለባችሁ ልጁ ወደ ጨዋታ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ነው። ዝምታ ከፍርሃት ጋር አብሮ ይቆማል፤ ጨዋታ ግን ፍርሃት ሲበዛ ይጠፋል። በእኛ አገር ጸጥ ያለ ልጅ «ጨዋ» ተብሎ ስለሚመሰገን ይህን መለየት ድርብ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ክፍል ውስጥ በጣም የተጨነቀው ልጅ ማንንም የማያስቸግረው ሊሆን ይችላል።

በአካል ላይ የሚታዩትን ምልክቶች መዝግቡ፦ የጥፍር መንከስ፣ የልብስ ጫፍ ማኘክ፣ ትከሻ ወደ ጆሮ መውጣት፣ የእጅ መቀዝቀዝና ማላብ፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ እንደ ሐውልት ደርቆ መቅረት። መራገጥንና መምታትንም ጨምሩ። የፈራ ልጅ የሚሸሽበት ሲያጣ ይማታል፤ ይህ ጥጋብ ተብሎ ከተቀጣ ፍርሃቱ ይብሳል።

ችግር ቢገጥማችሁ፦ ልጁ መመልከታችሁን አውቆ ቢሸማቀቅ ሌላ ልጅ እያጫወታችሁ በጎን ተመልከቱ። በሦስቱም ቀን ምንም ካላያችሁ የመውጫ ሰዓትን፣ የምሳ ሰዓትንና መጸዳጃ ቤት የሚኬድበትን ሰዓት ሞክሩ።

ደረጃ 4፦ ከልጁ ጋር የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች

ወለሉ ላይ፣ ከልጁ ጎን ተቀመጡ፤ ፊት ለፊት አትጋፈጡ። 10 ደቂቃ ሙሉ ጥያቄ አትጠይቁ። ልጁ የሚያደርገውን ብቻ በቀስታ ተናገሩ፦ «ሚኒባሷ ተሞላች፤ አሁን ትሄዳለች።» ልጁ እንዲያያችሁ አትጠብቁ፤ ስሙንም አትጠይቁ። ለሚጨነቅ ልጅ «ስምህ ማን ነው?» ከባዱ ጥያቄ ነው፤ ከበሩ ጀምሮ ሲጠየቅ የመጣው እርሱን ነውና።

ልጁ እናቱን ካልለቀቀ እናቱ ትግባና ጥግ ላይ ወንበር ይዛ ትቀመጥ። እንዳትናገር፣ እንዳትመልስለትም አስቀድማችሁ ንገሯት። በሁለተኛው ቀን ወንበሯን ወደ በሩ አስጠጉት።

ጨርሶ ካልተናገረ አታባብሉት፣ ከረሜላም አታሳዩት፣ «ምላስህን ድመት በላችው?» አትበሉት። ምዘናው ያለ ቃል እንዲሠራ አድርጋችሁ ቀጥሉ፤ ቀጣዮቹ ሦስት ደረጃዎች ሁሉም በጣት በማመልከት ይሠራሉ። ቤት ውስጥ የሚለፈልፍ፣ ውጭ ግን ድምፁ የማይሰማ ከሆነ ወላጆቹን ፈቅደው በስልክ የቀረጹትን የቤት ውስጥ ጨዋታ እንዲያሰሙአችሁ ጠይቁ። ቅጂው የመናገር ችሎታውን ይነግራችኋል፤ ከሰማችሁ በኋላ አጥፉት።

ደረጃ 5፦ የስሜት ቃላቱን ያውቅ እንደሆነ ፈትሹ

እኔ ራሴ ደጋግሜ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። በጀማሪነቴ ከኢንተርኔት ያተምኩት የፍርሃት ፊት አፉን በሰፊው የከፈተ ነበር። አንድ የ4 ዓመት ልጅ «እየዘፈነ ነው» አለኝ፤ ሌላዋ ደግሞ «ጥርሱን እያሳየ ነው»። ልጆች ደስታን፣ ሐዘንንና ቁጣን ቀድመው ይለያሉ፤ የፍርሃትን ፊት ግን ከመገረም ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ያደባልቁታል። ስለዚህ ካርዱን ያለ ታሪክ አታቅርቡ።

አራት ፊቶች ሳሉ፦ ደስ ያለው፣ የከፋው፣ የተናደደ፣ የፈራ። ለእያንዳንዱ አንድ አጭር ታሪክ ተናገሩና «የትኛው ፊት ነው?» በሉ። ኳሱን የተቀማ ልጅ፣ ከረሜላ የተሰጠው ልጅ፣ ጓደኛው ትቶት የሄደ ልጅ፣ ትልቅ ውሻ ሮጦ የመጣበት ልጅ። ከአራቱ ሦስቱን ካገኘ ቀጥሉ። ካላገኘ አራቱን ካርዶች ትታችሁ «ደህና ነው» እና «ደህና አይደለም» በሚሉ ሁለት ፊቶች ብቻ ሥሩ፤ በዚህም ብዙ መሥራት ይቻላል።

ከቃላቱ ጋር ተያይዞ ሦስት ነገር አስታውሱ። «ጭንቀት» የአዋቂ ቃል ነው፤ ልጅ «ፈራሁ»፣ «ደነገጥኩ»፣ «ሆዴን»፣ «አልወድም» ይላል። በተለይ «አልወድም» ሲል አትለፉት፤ «አያቴ ቤት ማደር አልወድም» የሚለው «እዚያ ጨለማ ነው» ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ በአንድ ነገር ላይ ሁለት ስሜት እንደሚኖር ለመቀበል ይቸገራል፤ «ደስ ይለኛል፣ ደግሞም እፈራለሁ» ብሎ እንዲነግራችሁ አትጠብቁ፤ አንዱን ስሜት ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ከ3 ዓመት ልጅ የሚመጣውን «አዎ» አትመኑ፤ በዚያ ዕድሜ ለብዙ ጥያቄ «አዎ» ይባላል።

ደረጃ 6፦ መጠኑን በስኒ፣ በብርጭቆና በጆግ ለኩ

ከ1 እስከ 10 የሚል መለኪያ አትጠቀሙ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ረጅም መለኪያ ሲሰጠው ጫፍና ጫፉን ይይዛል፤ «ምንም» ወይም «በጣም በጣም» ይላል። ሦስት የሚታዩ ዕቃዎች ግን ይገባዋል።

ስኒውን፣ ብርጭቆውንና ጆጉን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ። መጀመሪያ ስሜት በሌለው ነገር አለማምዱት፦ «አሁን ምን ያህል ጠምቶሃል? የስኒ ያህል? የብርጭቆ? የጆግ?» ቀጥሎ እንደማይፈራው የምታውቁትን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ለምሳሌ «ከእማዬ ጋር እራት ስትበላ ፍርሃቱ የትኛውን ይሞላል?» ለዚህም ጆጉን ካመለከተ መለኪያው አልገባውም፤ ለሌላ ቀን አቆዩት። በዚህ ማጣሪያ ያላለፈ ውጤት አትመዝግቡ።

ከዚያ ከደረጃ 2 ካገኛችሁት ዝርዝር ስምንት ሁኔታ ምረጡ፦ መብራት ሲጠፋ፣ እናት ታክሲ ውስጥ ስትገባ፣ መምህሯ ስም ስትጠራ፣ ብቻውን መጸዳጃ ቤት ሲሄድ፣ ውሻ ሲያይ፣ እንደ ጃንሜዳ ያለ ሰው የበዛበት ቦታ፣ እንግዳ ቤት ሲመጣ፣ ዘግይተው ሲወስዱት። ቀላሉን አስቀድሙ፣ ከባዱን መካከል ላይ አድርጉ፣ በቀላል ጨርሱ። «ትፈራለህ?» አትበሉ፤ «መብራት ሲጠፋ የትኛውን ይሞላል?» በሉ። ቀጥሎም አካሉን ጠይቁ፦ የሰው ቅርጽ በወረቀት ላይ ሳሉና «ያኔ የት ቦታ ይሰማሃል? ቀለም ቀባው» በሉት። ሆዱን ወይም ደረቱን የቀባ ልጅ ብዙ ቃል ነግሯችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ደረጃ ላይ «አይዞህ» አትበሉ። ደግ ቃል ነው፤ በምዘና መካከል ግን ልጁ መፍራት እንደሌለበት ይነግረዋልና ቀጣዩ መልስ ስኒ ይሆናል። «ወንድ ልጅ አይፈራም» እና «ጎበዝ፣ አልፈራህም!» ጨርሶ አይባሉም። የሚባለው «እሺ» እና «ከዚያስ?» ብቻ ነው። ማጽናናቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ችግር ቢገጥማችሁ፦ ለሁሉም ነገር ስኒ የሚያመለክት ልጅ አለ። አንዲት የ5 ዓመት ልጅ ስምንቱንም ስኒ እያለችኝ የሹራቧን እጅጌ ክር ትፈታ ነበር፤ ስንጨርስ ጉልበቷ ላይ የክር ክምር ነበረ። እኔ የጻፍኩት ስምንት ስኒ ነበር፤ መጻፍ የነበረብኝ የትኛው ጥያቄ ላይ ክሩን በፍጥነት እንደሳበችው ነው። ቃሉና እጁ ሲጋጩ ሁለቱንም ጻፉ። በሌላ ቀን ደግሞ «ሌሎች ልጆች መብራት ሲጠፋ የትኛውን የሚሞላ ይመስልሃል?» ብላችሁ በሌላ ልጅ ስም ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ በአሻንጉሊት የተጀመረ ታሪክ

በሁለተኛው ቀን ሦስት ታሪክ ጀምሩና ልጁ ይጨርስ። ጠዋት በር ላይ፦ «እናትየዋ ሚኒባስ ውስጥ ገባች፤ ልጁ እዚህ ቆሟል። ከዚያ ምን ሆነ? አሳየኝ።» ማታ፦ «መብራቱ ድርግም አለ።» ከሰዓት በኋላ፦ «ሁሉም ልጆች ሄዱ፤ ይህ ልጅ ብቻ ቀረ።» ለአሻንጉሊቱ የልጁን ስም አትስጡት።

የምትመለከቱት የታሪኩን ይዘት ብቻ አይደለም። ትንሹ አሻንጉሊት ረዳት ያገኛል? የሚመጣው ሰው ማን ነው? ታሪኩ ያልቃል ወይስ ያው ክፉ ነገር ደጋግሞ ይመጣል? ልጁ የትኛው ታሪክ ላይ ደርቆ ቀረ፣ የትኛውን እምቢ ብሎ ዕቃውን ገፋ? እምቢ ያለውን አታስገድዱት፤ ተራ ቁጥሩን ጻፉና እለፉ።

ከአሻንጉሊት ጨዋታ ተነሥታችሁ በልጁ ላይ አንድ ነገር ደርሷል ብላችሁ አትደምድሙ። ልጁ ግን በራሱ አፍ ሰው እንደመታው ወይም እንደነካካው ከተናገረ ምዘናውን አቁሙ። «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ» በሉ፤ ምሥጢር እንደምትጠብቁ ቃል አትግቡ፤ «እገሌ ነው አይደል?» የሚል ጥያቄ አትጠይቁ፤ ቃሉን እንደተናገረው ጻፉ፤ የተጠረጠረውን ሰው አትጥሩ። በዚያው ቀን ለኃላፊያችሁና ለሚመለከተው አካል አሳውቁ። ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና የሥነ ልቦና ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ኤች.አይ.ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት ለነገ አይባልም።

ደረጃ 8፦ ዝጉና መልሱ

የመጨረሻው 5 ደቂቃ የጨዋታ ብቻ ይሁን። «አይዞህ» አሁን ይባላል። ልጁን እስከ ክፍሉ አድርሱት። ወላጆችን ማታ «ምን ጠየቁህ? ምን አልክ?» ብለው እንዳይመረምሩት አሳስቧቸው፤ ሁለት ጊዜ የተመረመረ ልጅ ሦስተኛውን ቀን አይመጣም።

ደረጃ 9፦ አመሳክሩና ወስኑ

አንድ ገጽ በሦስት ዓምድ ክፈሉ፦ አዋቂዎቹ ያሉት፣ በር ላይ የታየው፣ ልጁ ያሳየው። በጎን አራት መስመር አስምሩ፦ የሚፈራው ምንድን ነው፣ በአካሉ ምን ይሆናል፣ ምን ይሸሻል፣ ምን ይቀርበታል። ውሳኔው የሚያርፈው አራተኛው መስመር ላይ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ጨለማንና ጅብን ቢፈራ የዕድሜው ነው። ፍርሃቱ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ትምህርቱንና ጓደኛውን የሚወስድበት ከሆነ ግን መጠኑ ትንሽ ቢመስልም ርዳታ ይፈልጋል።

እናትና መምህር ቢለያዩ አንዳቸው ዋሹ ማለት አይደለም፤ ልጁ በሁለቱ ቦታ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አስተያየት አማካይ አታድርጉ፤ እንዳሉ ጻፏቸው።

ጊዜውን ቁጠሩ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ መሠረት በልጆች ላይ የመለያየት ጭንቀት ቢያንስ 4 ሳምንት፣ በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ አለመናገር ቢያንስ 1 ወር (የትምህርት መጀመሪያ ወር ሳይቆጠር)፣ ለአንድ የተወሰነ ነገር ያለ ብርቱ ፍርሃትና የማኅበራዊ ጭንቀት ደግሞ ወደ 6 ወር መቆየት ይጠበቅባቸዋል። መስከረም ላይ ለሁለት ሳምንት ያለቀሰ ልጅ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ከሦስቱ መንገዶች አንዱን ምረጡ። ፍርሃቱ የዕድሜው ከሆነና ምንም ካልቀረበት ለመምህሯ ነግራችሁ ለ4 ሳምንት ተከታተሉ። የሚቀርበት ነገር ካለ፣ ግን ትምህርት ቤት እየመጣና እየበላ ከሆነ፣ የመሰናበቻውን ሰዓት አጭርና በየቀኑ አንድ ዓይነት አድርጉ፤ ቤተሰቡ የጠረገውን መንገድም በትንሽ በትንሹ ለልጁ ይመልስ። ልጁ ከቤት መውጣት እምቢ ካለ፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ የለመደውን ንግግር ወይም መጸዳጃ ከተወ፣ ከወር በላይ ውጭ ካልተናገረ ወይም መሞት እፈልጋለሁ ካለ ሳትዘገዩ ላኩት። ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ በዚያው ቀን ላኩት። በወረዳችሁ ጤና ጣቢያ በኩል ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። ወላጅ አማኑኤል የሚለውን ስም ሰምቶ ቢደነግጥ አትቆጡት፤ ልጁ በተመላላሽ እንደሚታይና ከወላጁ ጋር እንደሚገባ አስረዱት። ከሪፈር ወረቀቱ ጋር የበር ላይ ማስታወሻችሁን አያይዙ፤ ሐኪሙ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሊያየው የማይችለው እርሱን ነው።

ለቤተሰቡ ስትነግሩ «ልጃችሁ ጭንቀታም ነው» አትበሉ። «ጠዋት ከተለያችሁ በኋላ ወደ ጨዋታ ለመመለስ 56 ደቂቃ ይወስድበታል፤ ይህን ወደ 20 ለማውረድ አብረን እንሠራለን» በሉ። ዳግመኛ የምትለኩበትን ቀን በዚያው ስብሰባ ላይ ጻፉ፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሁን። ያኔም በዚያው በር፣ በዚያው የሳምንቱ ቀን፣ በዚያው ስኒ፣ ብርጭቆና ጆግ ለኩ።